ድንጋይ የምትወጣ የሪሞት መኪና፦ ከካርቶን እስከ ደቻቱ

ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር፣ ከቤቴ ብዙም ሳይርቅ አንድ ድንጋይ አለ። ቁመቱ ጉልበቴን ትንሽ ያልፋል። የሰፈር ልጆች «ደንገጎ» ብለውታል፤ ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣውን ጥምዝምዝ ዳገት ማለታቸው ነው። የመጀመሪያ መኪናዬን ገጣጥሜ እንደጨረስኩ በቀጥታ እዚያ ድንጋይ ላይ ወሰድኳት። ግማሹን ወጣች። ከዚያ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አነሳችና በጀርባዋ ተዘረረች። ደግሜ ሞከርኩ፤ ተዘረረች። ሰባተኛው ላይ አንዱ ልጅ፣ «አቦ ጋሼ፣ መኪና ነው ኤሊ የገዛኸው?» አለኝ።

ዛሬ ያቺው መኪና ደንገጎን ትወጣለች። ሞተሯን አልቀየርኩም። ባትሪዋን ወደፊት አመጣሁ፣ የፊት ጎማዎቿ ውስጥ እርሳስ ለጠፍኩ፣ ሾኳን ዝቅ አደረግኩ፣ የጎማውን ስፖንጅ ቀየርኩ። በቃ። ስለ መገጣጠሙ ከታች በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ፤ ክብደትና ጎማ ጋ ስንደርስ ግን ረጋ በሉ። ብዙ ሰው ብሩን በከንቱ የሚያፈሰው ያንን ዘሎ ነው።

ምን እንደምትገዙ

የማወራው ስለ 1/10 መጠን ነው። እውነተኛዋን መኪና በ10 አካፍሏት። ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ያለው ርቀት በብዙዎቹ ላይ 313 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በጅግጅጋ መንገድ ጭነት ቆልላ የምታዩዋት ባለአንድ ጋቢናዋ ላንድክሩዘር ፒክአፕ 3,180 ሚሊ ሜትር ናት። ስለዚህ የእሷን ቦዲ ብታለብሷት ልክክ ይላል።

ፍጥነት የሚፈልግ ሰው ይቺን አይግዛ። ከእግረኛ ብዙም አትቀድምም። ሥራዋ አንዱ ጎማ አየር ላይ ቢቀር እንኳ በሦስቱ ድንጋይ እየነከሰች መውጣት ነው። ለዚህ ሲባል በአብዛኞቹ ላይ ሁለቱም አክስሎች ግራና ቀኝ ጎማቸው አብሮ እንዲዞር ተቆልፈው ነው የሚመጡት፤ ሾፌሮቻችን «ዲፍ ሎክ» የሚሉት፣ ግን የማይከፈት። ትራክሳስ በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣት ቲአርኤክስ-4 ለየት ትላለች። እሷ ዲፍ ሎኳን በሪሞት ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። አክስሏም ከጎማው መሃል ከፍ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ከታች ድንጋይ ቶሎ አይነካትም።

ተገጣጥማ የምትመጣ አለች፤ በትናንሽ ፌስታል ተፈታታ የምትመጣም አለች። ሁለተኛዋ ኪት ትባላለች፤ የአክሲያል ኤስሲኤክስ10 ሁለተኛው ትውልድ በዚህ መልክ ወጥቷል። የእኔ ምክር ኪት ግዙ ነው። ድሬ ውስጥ የዚህ መኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ እኔ አላገኘሁም። በገዛ እጁ የገጠማት ሰው ሲሰበርበት የት እንደተሰበረ ያውቃል።

ኪቱ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ኤሌክትሮኒክስ የለም። ሞተር፣ የሞተሩ ፍጥነት መቆጣጠሪያ (ኢኤስሲ ይሉታል)፣ መሪውን የሚያዞረው ሰርቮ፣ ሪሞቱ ከነሪሲቨሩ (መኪናዋ ላይ ሆኖ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው)፣ ባትሪና ቻርጀር ለብቻ ይገዛሉ። ከውጭ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ አንድ ነገር አስጠንቅቁት፦ ትርፍ የሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም። ጫፎቹን በቴፕ ይሸፍናቸው። 7.4 ቮልት፣ 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሆነው 37 ዋት ሰዓት ነው፤ ያለ ልዩ ፈቃድ ከሚያልፈው 100 ዋት ሰዓት በብዙ ያንሳል።

መፍቻና ጠረጴዛ

1.5፣ 2 እና 2.5 ሚሊ ሜትር ብሩጎላ ያስፈልጋል። እዚህ አትቆጥቡ። ጫፉ የተጠረበ ብሩጎላ የቡሎኑን ራስ ይበላዋል፤ ከዚያ ያንን ቡሎን ለማውጣት ግማሽ ቀን ነው። 7 ሚሊ ሜትር የዳዶ ቁልፍ ለጎማው፣ ቀጭን ፒንሳ፣ ሰማያዊ ሎክታይት (ቡሎን እንዳይላላ የሚይዝ ሙጫ)፣ ጥቂት ግራሶ። ሶልደር ማድረጊያ ከሌላችሁ ሽቦዎቹን ሞባይል ጠጋኝ ጋ ውሰዱ፤ የ10 ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ የምገጥመው በእንጀራ ትሪ ላይ ፎጣ አንጥፌ ነው። ቡሎኖቹ ከሩዝ ፍሬ ብዙ የማይበልጡ አሉ፤ ምንጣፍ ላይ ከወደቁ አለቀ።

አክስልና ካምቢዮ

ተገጣጥማ የመጣች ብትሆንም አክስሎቹን ክፈቷቸው። ፋብሪካው አንዳንዴ ግራሶውን ለስም ያህል ነው የሚቀባው። ኮሮናና ፒኞኑ (ትልቁና ትንሹ ማርሽ) ላይ በጣት ቀቡ፣ ጥርሱ መሃል ይግባ። ውጭውን ግን ጠርጉ። የድሬን አሸዋ ታውቁታላችሁ፤ ውጭ የቀረ ግራሶ አሸዋውን ይለጥፍና ማርሹን የሚበላ የብርጭቆ ወረቀት ይሆናል።

ኩሽኔታዎቹን አንድ በአንድ በጣት አሽከርክሩ። የሚንቀጠቀጥ ካለ አሁኑኑ አውጡት። አክስሉን ዘግታችሁ በእጅ ስታዞሩት ያለምንም መያዝ መዞር አለበት። የሆነ ቦታ ላይ ከያዘ አንዱን ቡሎን ከመጠን በላይ አጥብቃችኋል።

ሎክታይት ብረት ከብረት ለሚገናኝበት ብቻ ነው። ፕላስቲክ ላይ ከነካ ፕላስቲኩን ይሰነጣጥቀዋል። ፕላስቲክ ውስጥ ለሚገባ ቡሎን ዘዴው ሳሙና ነው። ጥርሱን ደረቅ ሳሙና ላይ አንድ ጊዜ ፈትጉት፣ ሰተት ብሎ ይገባል። ራሱ ፕላስቲኩን ሲነካ አቁሙ። «ትንሽ ልጨምር» ያለ ሰው ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

ሞተር

ለዚህ ሥራ ቀርፋፋው ሞተር ይሻላል። ብሩሽ ያላቸው ሞተሮች በጥቅል ሽቦ ቁጥራቸው ይለያሉ፦ 35፣ 45፣ 55። ቁጥሩ ሲጨምር ፍጥነት ይቀንሳል፣ በዝግታ መሄድ ይቀላል። በ7.4 ቮልት ከሆነ 35 ይበቃል። በ11.1 ቮልት ልትነዱ ካሰባችሁ ወደ 45 ወይም 55 ሂዱ።

የሞተሩን ፒኞን ከትልቁ ማርሽ ጋር ስታገናኙ ከደብተር ላይ ቀጭን ቁራጭ ወረቀት ቅደዱ። በሁለቱ ጥርሶች መሃል አስገቡት፣ ሞተሩን ገፋ አድርጋችሁ አጥብቁ፣ ከዚያ ወረቀቱን በማርሹ አዙራችሁ አውጡ። ወረቀቱ ሳይቀደድ እጥፍጥፍ ብሎ ከወጣ ልክ ነው። ትልቁን ማርሽ በጣት ስትነቀንቁት ለጆሮ ብቻ የሚሰማ ትንሽ ክፍተት ይኑረው። ፒኞኑን የምትይዘዋ ትንሽ ቡሎን የሞተሩ ዘንግ ጠፍጣፋ ጎን ላይ መቀመጥ አለባት፤ ሎክታይትም እዚህ ግድ ነው። እኔ ይቺን ረስቼ ደንገጎ ወገብ ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ቆማለች።

ሾክ

ዘይቱን ሙሉ፣ ዘንጉን ቀስ እያላችሁ ወደላይና ወደታች አንቀሳቅሱ፣ አረፋው እስኪወጣ 10 ደቂቃ አቁሙት። ቡና የምትጠጡበት ሰዓት ይኼ ነው። ዘይቱ ሲሊኮን ይሁን፤ 30 ቁጥር ለመጀመሪያ ጥሩ ነው። የሞተር ዘይት እንዳትሞክሩ፣ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። ሞላው ለስላሳ ይሁን። መኪናዋን ከአንድ ስንዝር ከፍታ ስትለቋት ሳትነጥር ቁጭ ማለት አለባት። ስትቆም ሾኩ ከጉዞው ሲሶ እስከ ግማሽ ድረስ ሰምጦ ይቀመጥ። ያ የሰመጠው ነው ጎማው ጉድጓድ ሲያጋጥመው ወደታች የሚዘረጋለት። ጠጣር ሞላ አድርጎ ከፍ ያለች መኪና ፎቶ ላይ ታምራለች፣ ድንጋይ ላይ ትወድቃለች።

ኤሌክትሪኩ

ሰርቮውን ከመግጠማችሁ በፊት ኤሌክትሪክ ስጡት። መሃሉን ራሱ ያገኛል፤ ክንዱን ከዚያ በኋላ ግጠሙ። ብረት ጥርስ ያለው፣ ቢያንስ 20 ኪሎ የሚጎትት ይሁን። ድንጋይ መሃል የተቀረቀረ ጎማ ማዞር ቀላል አይደለም። ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሩና አዳምጡ። ሰርቮው «ዝዝዝ» እያለ ካቃሰተ አክስሉ ቆሟል፣ እሱ ግን እየገፋ ነው። ሪሞቱ ላይ የመሪውን ዳር መጠን ጩኸቱ እስኪጠፋ ቀንሱ። ይህን ያልሠራ ሰው ሰርቮውን በሳምንት ያቃጥላል።

ሌላ የሚያደናግር ነገር አለ። መሪው ሲጨነቅ መኪናዋ ድንገት ጭልም ብላ መልሳ የምትነቃ ከሆነ ሪሲቨሩ አልተበላሸም። ትልቁ ሰርቮ ኤሌክትሪኩን ሁሉ ጠጥቶበት ነው። ለሰርቮው ብቻ ቮልት የሚያወርድ ትንሽ መሣሪያ ከባትሪው ለብቻ ሳቡለት፤ ቢኢሲ ይባላል።

ኢኤስሲው ላይ ሁለት ነገር ምረጡ። ባትሪው ሊፖ መሆኑን ንገሩት፤ ያኔ ባትሪው ከሚገባው በታች ሳይወርድ ያቆመዋል። ሁለተኛው ፍሬን ነው። ጣታችሁን ከጋዝ ላይ ስታነሱ መኪናዋ እንደተተከለች መቆም አለባት። ይህን 100 በመቶ አድርጉት። ዳገት መሃል ቆማችሁ ቀጣዩን መንገድ የምታስቡበት ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ክብደት

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ዳገት ላይ ክብደት ወደ ኋላ ጎማ ይሸሻል። ፊቷ ይቀላል፣ ይነሳል፣ ከዚያ ኤሊ ነው። ስለዚህ ሜዳ ላይ እያለች ፊቷ ከጀርባዋ መክበድ አለበት፤ ከመቶ 55 እስከ 60 ያህሉ ፊት ላይ ይሁን። ክብደቱም ዝቅ ብሎ ይቀመጥ።

ይህን በግምት አትሥሩት። እኔ መኪናዬን ቀፊራ ገበያ ወስጄ ቅመም የሚሸጡ እናት ሚዛናቸውን ለመንኳቸው። የፊት ጎማዎቿን ሚዛኑ ላይ፣ የኋላዎቹን በእኩል ቁመት የበርበሬ ጣሳ ላይ አቆምኩ። እናት ቁልቁል አዩኝና፣ «ልጄ፣ በኪሎ ልትሸጠው ነው?» አሉኝ። ፊቷ 1.30 ኪሎ፣ ኋላዋ 1.50። ለካ ደንገጎ ላይ ሰባቴ የተዘረረችው ለዚህ ነው። ጥፋቱም የእኔ ነበር፤ ባትሪውን ለመንቀል እንዲመቸኝ ከኋላ አስሬዋለሁ።

የመጀመሪያው ሥራ ባትሪውን ማዛወር ነው። 350 ግራም ይመዝናል። 20 ሴንቲ ሜትር ወደፊት ስገፋው ከ220 ግራም በላይ ከኋላ ወደ ፊት ተሻገረ። ወጪው አንድ የቬልክሮ ማሰሪያ።

ሁለተኛው ጎሚስታ ጋ ነው። የአሉሚኒየም ቸርኬ ባላንስ ሲያደርጉ የሚለጥፉት በየ5 ግራሙ የተከፋፈለ እርሳስ አለ። ከየፊት ቸርኬው ውስጠኛ ክብ ላይ 12 ቁራጭ፣ ማለትም 60 ግራም ለጠፍኩ። ክብደት ከዚህ በታች የሚወርድበት ቦታ የለም። ቸርኬውን መጀመሪያ በአልኮል ጥረጉት፣ አለበለዚያ በድሬ ሙቀት ሙጫው ይለቃል። እርሳስ መርዝ ነውና እጃችሁን ታጠቡ፤ ልጆች አይንኩት። ነሐስ የሚመርጥ ሰው ቶርኖ ቤት ቀለበት ያስቆርጣል። በምድር ባቡር ወርክሾፕ ያደጉ ሽማግሌዎች እጅ ላይ ከወደቀ ከፋብሪካው የተሻለ ይወጣል።

ተመልሼ ቀፊራ ስመዝናት ፊቷ 1.64፣ ኋላዋ 1.28 ሆነ። ከመቶ 56 ፊት።

ከዚያ የሳንቃ ፈተና አለ። መኪናዋን ሳንቃ ላይ በጎን አቁሟት፣ የሳንቃውን አንድ ጎን ቀስ እያላችሁ አንሱ። የምትገለበጥበትን ማዕዘን በስልካችሁ ውኃ ልክ ለኩ። የእኔ 38 ዲግሪ ላይ ነበር የምትወድቀው፤ ሾኩን ዝቅ ካደረግኩና እርሳሱን ከጨመርኩ በኋላ 45 ደረሰች። ከላይ ያለውን ሁሉ አቅልሉ። ጣሪያ ላይ ጀሪካንና ትርፍ ጎማ መደርደር ያምራል፣ ግን እያንዳንዱ ግራም ይገለብጣችኋል። ጌጥ ከወደዳችሁ ከስፖንጅ ሠርታችሁ ቀለም ቀቡት። እኔ ጀሪካኖቼን እንዲያ ነው የሠራኋቸው፤ እስካሁን የነቃብኝ የለም።

ጋዝ ስትሰጡ ሰውነቷ ወደ አንድ ጎን የሚጠመዘዝ ከሆነ የትራስሚሲዮኑ (ጉልበቱን ወደ አክስሉ የሚወስደው ዘንግ) ጉልበት ነው። ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ባትሪውን ወደሚነሳው ጎን ትንሽ ጠጋ ስታደርጉት ግን ይቀንሳል።

ጎማና ስፖንጅ

እነዚህ ጎማዎች አየር አይሞሉም። ውስጣቸው ስፖንጅ ነው፤ ጎማው ድንጋዩን የሚያቅፈው ስፖንጁ ሲታጠፍለት ብቻ ነው። ከፋብሪካ የመጣው የእኔ ስፖንጅ ድርቅ ያለ ነበር። ጎማው ድንጋይ ላይ እንደ ኳስ ይነጥራል።

ቸርኬያችሁ በቡሎን የሚታሰር ዓይነት ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፤ ሙጫ መፍታት የለም። ክፈቱት። ሰፈር ያለ ፍራሽ ሠሪ ቁራጭ ስፖንጅ በነፃ ይሰጣችኋል። ክቡን በምላጭ ቁረጡ፤ ስፋቱ ከጎማው ውስጥ ትንሽ ይበልጥ፣ ዲያሜትሩም እንዲሁ። መሃሉን ቸርኬው በሚገባበት ልክ ብሱት። ለብቻው በጣም ልፍስፍስ ከሆነባችሁ ውስጡን ከድሮው ጠጣር ስፖንጅ፣ ውጩን ከፍራሹ አድርጉ። ልኩ ይህ ነው፦ መኪናዋ ቆማ የጎማው ታች ጠፍጠፍ ይበል፣ ጎኑ ሆዱን ያውጣ፣ ግን በእጅ ስትጫኗት ቸርኬው መሬት አይንካ። የኋላውን ከፊቱ ትንሽ ጠጠር አድርጉት፤ ዳገት ላይ ክብደቱ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

አየሩ የሚወጣበት ቀዳዳም ያስፈልጋል። ብዙ ቸርኬዎች አላቸው። ከሌላቸው በጋለ መርፌ ጎማው ላይ ሁለት ብሱ። ሳሙናና ብሩሽም አትርሱ። አዲስ ጎማ ከፋብሪካ በሚያንሸራትት ነገር ተሸፍኖ ነው የሚመጣው፤ ታጥቦ ሲደርቅ ሌላ ጎማ ነው።

ደቻቱ ላይ

የደቻቱ ድንጋይ በጎርፍ ተንከባሎ የለሰለሰ ነው፣ ላዩ ላይ ደግሞ አቧራ አለ። ያንሸራትታል። ከባቢሌ ወዲያ ዳካታ ሸለቆ ያሉት ትልልቅ ቋጥኞች ግን ሌላ ዓለም ናቸው፤ ሻካራ ስለሆኑ መኪናዋ ግድግዳ የምትወጣ ትመስላለች። ቤት የተስተካከለች መኪና ደቻቱ ላይ ከወጣች እዚያ አታስቸግርም።

አነዳዱ አጭር ነው። ጋዙን በጣት ጫፍ ያዙ። ጎማ ከዞረ አቁሙ፤ የሚዞር ጎማ ድንጋዩን ያወልቃል እንጂ አይወጣም። ወደ ኋላ አንድ ስንዝር ተመለሱ፣ መሪውን ትንሽ ቀይሩ፣ ድጋሚ። ልጆች ሪሞቱን ሲቀበሉ መጀመሪያ ሙሉ ጋዝ ነው የሚሰጡት፤ ሪሞቱ ላይ የጋዙን ጣሪያ ግማሽ አድርጋችሁ ስጧቸው።

ከ10 ሰዓት በፊት አትውጡ። ለእናንተም ለሞተሩም ነው። በየ10 ደቂቃው ሞተሩን ንኩ። ጣታችሁን ሳታነሱ እስከ ሦስት መቁጠር ካልቻላችሁ አቁሙና ጥላ ፈልጉ። ደጋግሞ የሚግል ከሆነ በፒኞኑ ፋንታ ጥርሱ ያነሰ ግጠሙ። ባትሪውን ባጃጅ ውስጥ ወይም ፀሐይ ላይ ትታችሁ ቡና ልትጠጡ አትሂዱ።

ክረምት ላይ አንድ ሕግ አለ፣ ድርድር የለውም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ጎርፎ ያደረሰውን ጥፋት የድሬ ሰው አይረሳም። ወንዙ እግራችሁ ሥር ደረቅ አሸዋ ሆኖ ሳለ ዝናቡ እዚያ ላይ ተራራው ጋ ሊሆን ይችላል። ሰማዩ በእውነተኛው ደንገጎ፣ በዳገቱ በኩል ከጠቆረ መኪናዋን በእጃችሁ አንሱና ውጡ።

ቤት ስትገቡ

አሸዋውን በደረቅ የቀለም ብሩሽ አራግፉ። ኮምፕሬሰር ኩሽኔታው ላይ አታስነፉ፤ አቧራውን ወደ ውስጥ ነው የሚነዳው። የጎማ ዳዶዎቹንና የመሪውን ቡሎኖች በብሩጎላ ነካ ነካ አድርጉ። የእኔ ሁሌ የሚላላው የግራ ፊቱ ነው፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ባትሪውን ሞልታችሁም አሟጣችሁም አታስቀምጡት። እያንዳንዱ ሴል 3.8 ቮልት ላይ ይደር፤ ቻርጀሮቹ ለዚህ የተለየ ምርጫ አላቸው። የ5,000ውን በ5 አምፔር ቻርጅ አድርጉት፣ ሴሎቹን የሚያመጣጥነውን ነጭ ሶኬትም ሰኩ። የእኔ ባትሪ ቻርጅ የሚደረገው አፉ በተሸረፈ የሸክላ ድስት ውስጥ፣ አሸዋ ላይ፣ በረንዳ ላይ ነው። ተኝቼ አላውቅም እሱ ቻርጅ ላይ እያለ። ያበጠ ባትሪ ካያችሁ «አንድ ጊዜ ብቻ» አትበሉ።

አሁን ከደንገጎ ጀርባ ያለውን ድንጋይ እየሞከርኩ ነው። ልጆቹ ገና ስም አላወጡለትም። እኔም ገና ግማሹ ላይ ነኝ።